የታይምሼር የአንድ አዳር እውነተኛ ዋጋ እንዴት ይሰላል?

በኦርላንዶ ወይም በላስ ቬጋስ የታይምሼር፣ ማለትም በየዓመቱ ለአንድ ሳምንት ያህል የሚታረፍበት አፓርታማ ድርሻ፣ መሸጫ ውስጥ ቁርስ ከተበላና ናሙና አፓርታማው ከተጎበኘ በኋላ ሻጩ ባልና ሚስቱ ፊት ነጭ ወረቀት ያስቀምጥና እየጠየቀ ይጽፋል። በዓመት ስንት ቀን ለእረፍት ትወጣላችሁ? ሰባት። ሆቴል ለአንድ አዳር ስንት ትከፍላላችሁ? 200 ዶላር። 200 በ7 ሲባዛ 1,400 ዶላር። በ20 ዓመት 28,000 ዶላር። ከዚያ ከጎኑ 24,000 ብሎ ይጽፍና ያከብበዋል። «በሆቴል 28 ሺህ ከፍላችሁ የሚተርፋችሁ ደረሰኝ ብቻ ነው፤ እዚህ ግን በ24 ሺህ የራሳችሁ ንብረት ይኖራችኋል፣ ለልጆቻችሁም ይተርፋል።»

በወረቀቱ ላይ ያለው ማባዛት ልክ ነው። ያልተጻፈው ግን ከተጻፈው ይበልጣል። በየዓመቱ የሚመጣው የጥገና ክፍያ የለበትም። የብድሩ ወለድ የለበትም። ቤተሰቡ ሳይሄድ የሚቀርባቸው ዓመታት የሉበትም። ልሽጠው ሲባል ምን ያህል እንደሚያወጣም አልተጻፈም። አራቱ ሲገቡ የአንድ አዳር ዋጋ ከ200 ዶላር ተነሥቶ 500፣ 800፣ ሲብስም ከ1,000 ዶላር በላይ ይሆናል።

ጉዳዩ አሜሪካ የሚኖረውን የአማርኛ ተናጋሪ በቅርብ ይመለከተዋል። ላስ ቬጋስ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ከተማ ናት፤ ከዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ተነሥቶ ለሚነዳ ሰው ደግሞ በታይምሼር የተሞላችው ዊሊያምስበርግ ቨርጂኒያ ውስጥ ቅርብ ናት። በቅናሽ የሦስት ቀን ሆቴል፣ በትርኢት ትኬት ወይም በ100 ዶላር የስጦታ ካርድ ተጋብዞ 90 ደቂቃ ብቻ ይፈጃል የተባለ ስብሰባ ላይ ግማሽ ቀን የዋለ ቤተሰብ ጥቂት አይደለም። ስለዚህ ስሌቱን ከሥሩ እንሥራው። ከታች ያሉት ቁጥሮች ለምሳሌ የተወሰዱ ናቸው፤ በራሳችሁ ውል ላይ ባለው እየቀየራችሁ አስሉ።

የሚሸጠው ነገር ምንድን ነው?

ታይምሼር አንድን የእረፍት አፓርታማ በሳምንት ከፋፍሎ ለብዙ ባለቤቶች መሸጥ ነው። ሐሳቡ የአውሮፓ ነው፤ ሀፒማግ የተባለው የስዊዘርላንድ ኩባንያ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1963 ነበር። አሜሪካ ውስጥ ሁለት ዓይነት ውል አለ። አንዱ እንደ ቤት በስም የሚመዘገብ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ማብቂያ የለውም። ሌላው ለተወሰነ ዓመት የመጠቀም መብት ብቻ የሚሰጥ ነው። በዛሬው ሽያጭ ደግሞ ሳምንት በቀጥታ መሸጡ እየቀረ በየዓመቱ የሚታደስ ፖይንት፣ ማለትም አዳር የሚያዝበት ነጥብ፣ እየተሸጠ ነው። ማሪዮት፣ ሒልተን፣ ዊንደምና ዲዝኒ የሚሠሩት በዋናነት በፖይንት ነው።

ወደ አዳር ዋጋ ከመግባታችን በፊት አንድ ቀላል መመዘኛ እንይ። ከዓመቱ 52 ሳምንታት ሁለቱ ለእድሳት ቢቀሩ አንድ አፓርታማ ለ50 ሰው ይሸጣል። 24,000 ዶላር በ50 ሲባዛ 1,200,000 ዶላር ነው። ሁለት መኝታ ያለው አፓርታማ በዚያው መንገድ ላይ በስንት እንደሚሸጥ ከሪል ስቴት ማስታወቂያ ላይ ማየት ነው። የዓመቱ የጥገና ክፍያ 1,200 ዶላር ከሆነም 50 ባለቤቶች በአንድ ላይ በዓመት 60,000፣ በወር 5,000 ዶላር ለአንዲት አፓርታማ ጥገና ያዋጣሉ ማለት ነው። ገዢው የከፈለው ለግድግዳው ብቻ አይደለም። የስጦታ ካርዱ፣ ቁርሱ፣ የሻጩ ኮሚሽን፣ መንገድ ላይ ቆሞ ሰው የሚጠራው ሠራተኛ ደመወዝ ሁሉ ከዚያች 24 ሺህ ውስጥ ነው የሚወጣው። ይህ ወጪ ደግሞ ገዢው መልሶ ሲሸጥ አብሮት አይሸጥም። ከመሸጫው በር ሲወጣ ዋጋው የሚወድቀው ለዚህ ነው።

ወለዱ

በጠረጴዛው ላይ 24 ሺህ ዶላር በጥሬው የሚከፍል ሰው ጥቂት ነው። ሻጩ ራሱ ያበድራል፤ የሻጭ ብድር ወለድ ከ12 እስከ 18 በመቶ መሆኑ የተለመደ ነው። ባንኮች ባብዛኛው ታይምሼርን መያዣ አድርገው አያበድሩም፤ ምክንያቱም ተበዳሪው ባይከፍል ወስደው ሊሸጡት የሚችሉት ነገር አይደለም። ይህ ብቻውን ስለ ንብረቱ ዋጋ ብዙ ይናገራል።

10 በመቶ ቅድሚያ፣ ማለትም 2,400 ዶላር ከፈላችሁ እንበል። ቀሪው 21,600 ዶላር በ15 በመቶ ወለድ ለ10 ዓመት ሲበደር የወሩ ክፍያ 348 ዶላር ከ48 ሳንቲም ይመጣል። በ120 ወር ተደምሮ 41,818 ዶላር ነው። ከዚህ ውስጥ 20,218ቱ ወለድ ነው፤ ብድሩን ሊያህል ምንም አልቀረውም። ሻጩ ግን አጠቃላዩን አይናገርም፤ «በወር 348 ዶላር፣ በቀን 12 ዶላር እንኳ አይሞላም» ነው የሚለው። የወር ክፍያ ሲነገራችሁ ወዲያው በወራቱ ብዛት አባዙት። የፈረመ ሰውም ዕዳውን ቀደም ብሎ ቢዘጋ ቅጣት እንዳለበት ውሉን አይቶ፣ ከሌለበት ከክሬዲት ዩኒየን በዝቅተኛ ወለድ የግል ብድር ወስዶ የሻጩን ብድር መዝጋት ይችላል። 15 በመቶውን ወደ 9 ወይም 10 ማውረድ ብቻውን ብዙ ሺህ ዶላር ያተርፋል።

በየዓመቱ የሚመጣው ሂሳብ

የጥገና ክፍያ፣ ሰዉ በተለምዶ ሜንተናንስ ፊ የሚለው፣ ታይምሼርን ከሌላ ግዢ የሚለየው ነገር ነው። ዕዳው ቢያልቅም አያልቅም። ብትሄዱም ባትሄዱም ይከፈላል። በውስጡ የሠራተኛ ደመወዝ፣ የጽዳት፣ የውሃና የመብራት፣ የኢንሹራንስ፣ የንብረት ግብር፣ የአስተዳዳሪው ኩባንያ ክፍያ፣ እንዲሁም ለጣሪያ፣ ለሊፍት፣ ለፍራሽና ለሶፋ መቀየሪያ የሚቀመጥ መጠባበቂያ አለ። የአስተዳዳሪው ክፍያ ብዙ ጊዜ በበጀቱ መቶኛ የሚሰላ ስለሆነ ወጪው በጨመረ ቁጥር የእሱም ድርሻ አብሮ ያድጋል። ወጪ የሚቀንስበት ምክንያት ብዙም የለውም።

ሁለተኛው የመጨመሪያ ምክንያት ከውጭ አይታይም። አንዳንድ ባለቤቶች ያረጃሉ፣ ይሞታሉ፣ ወይም ሰልችቷቸው መክፈል ያቆማሉ። የሕንጻው ወጪ ግን በዚያ አይቀንስም። የቀረው ሰው ይሸከመዋል። ስለዚህ ሕንጻው ባረጀ ቁጥር የሚጠገነው ይበዛል፣ የሚከፍለው ሰው ያንሳል። ከመግዛታችሁ በፊት ያለፉትን አምስት ዓመታት የጥገና ክፍያ፣ የመጠባበቂያውን መጠንና ያልከፈሉ ባለቤቶችን ብዛት በጽሑፍ ጠይቁ። ሻጩ «አላውቅም» ካለ መልሱ ራሱ መረጃ ነው።

1,200 ዶላር በዓመት 5 በመቶ ቢጨምር በ10ኛው ዓመት 1,862፣ በ20ኛው ዓመት 3,032 ዶላር ይሆናል። የ10 ዓመቱ ድምር 15,093፣ የ20 ዓመቱ 39,679 ዶላር ነው። ሻጩ ወረቀቱ ላይ ካከበበው 24,000 በእጅጉ ይበልጣል ማለት ነው። በዚህ ላይ ልዩ መዋጮ የሚባል አለ፤ አውሎ ነፋስ ጣሪያ ሲያነሣና ኢንሹራንሱ አልበቃ ሲል በአንድ ደብዳቤ የሚጠየቅ ገንዘብ ነው። በፍሎሪዳና በደቡብ ካሮላይና ባሕር ዳር ታይምሼር ያለው ሰው ይህን ቢያንስ አንድ ጊዜ እንደሚመጣ አድርጎ ማስላት ይገባዋል። 1,500 ዶላር ብትይዙለት በ70 አዳር ሲካፈል 21 ዶላር ይጨምራል።

ማካፈያው

አሁን እንደምር። ቅድሚያ ክፍያ 2,400፣ ብድሩ ከነወለዱ 41,818፣ የውል መዝጊያና የስም ማስመዝገቢያ 600፣ የ10 ዓመት ጥገና 15,093። ጠቅላላ 59,911 ዶላር። በ10 ዓመት ውስጥ 70 አዳር አለ። 59,911 በ70 ሲካፈል 856 ዶላር ለአንድ አዳር።

ይህ ግን አንድም ሳምንት ሳያመልጥ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ የሚያካፍለው በተሸጠለት አዳር እንጂ በተኛበት አዳር አይደለም። የእኛን ሰው ኑሮ እንይ። በሁለት ወይም በሦስት ዓመት አንዴ አገር ቤት የሚሄድ ቤተሰብ ያን ዓመት ፈቃዱን የሚጨርሰው አዲስ አበባ፣ ጎንደር ወይም ደሴ ነው። ልቅሶ ወይም ሠርግ ይመጣል። ልጅ ይወለዳል። የነርስ ወይም የሆቴል ሠራተኛ ፈቃድ በትምህርት ቤት እረፍት ላይ አይገጥምም። ከ10 ዓመት 7ቱን ብቻ ከተጠቀማችሁ 49 አዳር ነው፤ 59,911 በ49 ሲካፈል 1,223 ዶላር። ሳምንቱ ሰባት አዳር ሆኖ እናንተ እሁድ ለሥራ ለመድረስ በአምስተኛው ቀን የምትመለሱ ከሆነም ሁለቱ አዳር ውሃ በላቸው። ያለፉትን አምስት ዓመታት ፈቃዳችሁን የት እንዳሳለፋችሁ ቁጭ ብላችሁ ጻፉ፤ ከዚያ የምታገኙት ቁጥር ነው ማካፈያው።

ሃያ ዓመት ሙሉ ያለማቋረጥ የሚሄድ ሰውስ? 84,497 ዶላር በ140 አዳር፣ 604 ዶላር ይመጣል። ይቀንሳል፣ ግን ከ200 በጣም ይርቃል።

በጥሬ ገንዘብ የከፈለ ሰው «እኔ ወለድ የለብኝም» ይል ይሆናል። 24,600 ዶላር ከጥገናው ጋር በ20 ዓመት 64,279 ነው፣ በአዳር 459 ዶላር። ነገር ግን ያ ገንዘብ በ4 በመቶ ወለድ ቁጠባ ውስጥ ቢቀመጥ በመጀመሪያው ዓመት ብቻ 984 ዶላር ይወልድ ነበር። ይህ ያልመጣ ወለድ ራሱ በ7 ሲካፈል በአዳር 141 ዶላር ነው። ዕቁብ የጣለ ሰው ይህን ይረዳዋል፤ የመጀመሪያው ዕጣ የደረሰውና የመጨረሻው የደረሰው ያገኙት ብር እኩል ቢሆንም ጥቅሙ እኩል አይደለም። ገንዘቡ በ20 ዓመት ተከፋፍሎ ከነወለዱ ሲሰላ በዓመት 1,810 ዶላር፣ በአዳር 259 ይመጣል። የጥገናው አማካይ በአዳር 283 ነው። ድምሩ 542 ዶላር።

ፖይንት ሲሆን

በፖይንት ሲሆን ስሌቱ በአንድ ፖይንት ይጀመራል። የአንዱን ፖይንት መግዣ ለቀሪ ዓመታት አካፍሉ፣ የዓመቱን ክፍያ በአንድ ፖይንት ደምሩ፣ ከዚያ ለአንድ አዳር በሚያስፈልገው ፖይንት አባዙ። የዲዝኒ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው፤ ውሎቹ የሚያበቁበት ቀን ስለተቆረጠ። ለምሳሌ ቢች ክለብና ቦርድዎክ የተባሉት ሪዞርቶቹ ውል እ.ኤ.አ. በ2042 መጀመሪያ፣ ሪቪዬራ የተባለው ደግሞ በ2070 መጀመሪያ ያበቃል። በ2025 የገዛ ሰው ለመጀመሪያዎቹ 17፣ ለሪቪዬራ 45 ዓመት ይቀረዋል።

የቢች ክለብን ፖይንት ከሁለተኛ እጅ በ90 ዶላር፣ ሪቪዬራን ከኩባንያው በ230 ዶላር ገዛችሁ፣ ዓመታዊ ክፍያው በሁለቱም 9 ዶላር ነው ብለን እንያዝ። 90 በ17 ሲካፈል 5.29፣ ከ9 ጋር 14.29። 230 በ45 ሲካፈል 5.11፣ ከ9 ጋር 14.11። በዚህ መንገድ ውዱ ረከሰ! ሻጭ የሚያሳየው ይህንን ነው። በ4 በመቶ ወለድ አስገብታችሁ ስታሰሉት ግን የመጀመሪያው 16.40፣ ሁለተኛው 20.10 ይሆናል። 15 ፖይንት በሚጠይቅ ክፍል አንዱ በአዳር 246፣ ሌላው 302 ዶላር ነው። ሌላም አለ፦ የ50 ዓመት ሰው በ45 ዓመት ሲያካፍል በ95 ዓመቱ ከዲዝኒ ገንዳ አጠገብ ሊውል ነው ማለት ነው። በራሳችሁ ዕድሜና በልጆቻችሁ ዕድሜ አካፍሉ፤ ልጆቹ ኮሌጅ ሲገቡ የቤተሰብ እረፍት መልኩ ይለወጣል።

የፖይንት ሰንጠረዡንም ሳታዩ አትፈርሙ። ያው ክፍል በጥር ተራ ቀን የሚጠይቀውና በገና ሳምንት የሚጠይቀው በጣም ይለያያል። «160 ፖይንት ለአንድ ሳምንት ይበቃል» ሲባል የየትኛው ወር ሳምንት እንደሆነ ጠይቁ፤ ልጆች ያሉት ቤተሰብ የሚሄደው ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ማለትም ፖይንቱ ሲወደድ ነው። ፖይንት አልበቃ ሲል ቀጥሎ የሚመጣው «የባለቤቶች ስብሰባ» ተብሎ የሚጠራው ሁለተኛ ሽያጭ ነው። እዚያ ለችግሩ የሚቀርበው መፍትሔ ተጨማሪ ፖይንት መግዛት ነው፤ ፖይንት ሲጨምር የጥገና ክፍያም አብሮ ይጨምራል።

በሌላ ቦታ ለመቀየር ደግሞ አርሲአይ ወይም ኢንተርቫል ኢንተርናሽናል የሚባሉት የልውውጥ ድርጅቶች አሉ። የዓመት አባልነት 100፣ የአንድ ልውውጥ 280 ዶላር ቢሆን 380 በ7 ሲካፈል 54 ዶላር በአዳር ይጨመራል።

ከምን ጋር እናወዳድር?

ለታይምሼርም ፍትሐዊ እንሁን። የ200 ዶላር ሆቴል 200 ዶላር አይደለም። ኦርላንዶ በሚገኝበት ኦሬንጅ ካውንቲ በሆቴል ላይ 12.5 በመቶ ግብር አለ፤ ሆቴሉ በየአዳሩ የሚያስከፍለው 40 ዶላር የሪዞርት ክፍያ ሲጨመርና ግብሩ በእሱም ላይ ሲታሰብ 270 ዶላር ይሆናል። ባለቤት በራሱ ሳምንት ሲያርፍ ብዙ ቦታ ይህ ግብር የለበትም፤ ሃዋይ ግን ታይምሼር ላይም የአዳር ግብር ታስከፍላለች። ሆቴልም በየዓመቱ ይወደዳል። ሁለት መኝታ፣ ሳሎን፣ ልብስ ማጠቢያና ምድጃ ያለው አፓርታማ ስድስት ሰው ስለሚያስተኛ ከአንድ የሆቴል ክፍል ጋር ማወዳደርም ትክክል አይደለም። አያት፣ ሦስት ልጅና ወላጆች አብረው ሲሄዱ፣ እንጀራው በማቀዝቀዣ ሣጥን ተጭኖ፣ ወጡ እዚያው ተሞቆ ሲበላ የምግብ ወጪው ብዙ ይቀንሳል።

ግን ምድጃ ያለው አፓርታማ ለማግኘት ባለቤት መሆን ግድ አይደለም። ትክክለኛው ማወዳደሪያ ያው ሪዞርት፣ ያው ክፍል፣ ያው ሳምንት ከሌላ ባለቤት ሲከራይ የሚያወጣው ዋጋ ነው። እንደ ሬድዊክ ባሉ ገጾች ላይ ባለቤቶች ሳምንታቸውን የሚያከራዩት ብዙ ጊዜ የጥገና ክፍያቸውን ለመመለስ ያህል ነው። በ1,300 ዶላር ከተከራየ በአዳር 186 ዶላር መጣ። ምንም ፊርማ፣ ምንም ዕዳ፣ ምንም መዋጮ የለበትም። በሚቀጥለው ዓመት ካልተመቸ አለመሄድ ይቻላል። «ባትሄዱ ታከራዩታላችሁ፣ ትርፍ ታገኛላችሁ» የሚለውም ተስፋ በዚሁ ገበያ ላይ ይወድቃል፤ ተወዳዳሪው ኪሳራውን ለመቀነስ የሚያከራይ ሌላ ባለቤት ነውና።

ባለቤት መሆን የሚያዋጣው ሰው አለ። በየዓመቱ ያለማቋረጥ የሚሄድ፣ በውድ ወቅት የሚሄድ፣ ያንኑ ቦታ የሚወድ፣ ከሁለተኛ እጅ የገዛ። ብዙ የዊሊያምስበርግና የኦርላንዶ ሳምንታት በኢንተርኔት በ1 ዶላር፣ አንዳንዴም በነፃ ይቀርባሉ። በ500 ዶላር ገዝቶ ለስም ማዘዋወሪያ 600 የከፈለ ሰው በ10 ዓመት ከጥገናው ጋር 16,193 ዶላር ያወጣል፣ በአዳር 231። ያው አልጋ፣ ያው ገንዳ፣ 856 ከከፈለው ሰው ጎረቤት። ሆኖም ኩባንያዎቹ ከሁለተኛ እጅ የገዛን ሰው ከአንዳንድ ጥቅም ይከለክላሉ፤ ለምሳሌ ሪቪዬራን በዚህ መንገድ የገዛ ሰው ፖይንቱን የሚጠቀመው ሪቪዬራ ላይ ብቻ ነው። ከመክፈላችሁ በፊት ውዝፍ የጥገና ክፍያ አለመኖሩን ከሪዞርቱ በጽሑፍ አረጋግጡ፤ አለበለዚያ የሰው ዕዳ ትረከባላችሁ። በ1 ዶላር የሚሸጠውም ለምን በ1 ዶላር እንደሚሸጥ አስቡበት። የሚተላለፈው የጥገና ሂሳቡ ነው።

መውጫው

ታይምሼር መልሶ ሲሸጥ ብዙ ጊዜ ምንም ስለማያወጣ ነው የመሸጫውን ዋጋ በስሌቱ ውስጥ ዜሮ ያደረግነው። በአሜሪካ የግብር ሕግ ለግል መጠቀሚያ የዋለ ንብረት ሲሸጥ የደረሰ ኪሳራ ከገቢ ላይ አይቀነስም። ብድሩ ካለቀና ጥገናው ካልተወዘፈ መጀመሪያ የሚደወለው ለራሱ ለኩባንያው ነው፤ ትልልቆቹ ንብረቱን የሚመልሱበት አሠራር አላቸው። ገንዘብ አይመለስም፣ ግን ሂሳቡ ይቆማል።

መክፈል ብቻ ማቆም ደግሞ ክሬዲት ያበላሻል፤ በስም የተመዘገበ ከሆነም ንብረቱ በዕዳ ይያዛል። ስልክ ደውሎ «ገዢ አግኝተንልዎታል፣ ቅድሚያ ክፍያ ይላኩ» የሚል ሰው ግን ሌባ ነው። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2022 ከዊስኮንሲን ግዛት ጋር ሆኖ «ከታይምሼር እናወጣችኋለን» እያሉ ከ90 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰበሰቡ ባላቸው ላይ ክስ መሥርቷል። የሜክሲኮው የሃሊስኮ ካርቴል በዚሁ መንገድ አሜሪካውያንን እንደሚያጭበረብር ደግሞ የአሜሪካ ገንዘብ ሚኒስቴር በተከታታይ ማዕቀብ ሲጥል አስታውቋል። ቅድሚያ የሚጠይቅ አውጪ አትቅጠሩ።

«ለልጆቻችሁ ይተርፋል» የሚለውም ለወራሹ ዕዳ ከሜዳ ነው። ወራሽ ግን አልቀበልም ማለት ይችላል። በአሜሪካ ፌዴራል የግብር ሕግ ለዚህ የተቀመጠው ጊዜ ወላጅ ከሞተ በኋላ 9 ወር ሲሆን እምቢታው በጽሑፍ መሆን አለበት። ዋናው ነገር በዚያ መካከል አንድም ጊዜ ሄዶ አለማረፍ ነው፤ ከተጠቀመበት እንደተቀበለ ይቆጠራል። የግዛቱ ሕግም የራሱ ሥርዓት ስላለው ጠበቃ ማማከር ያስፈልጋል።

በዚህ ሳምንት የፈረመ

ከሁሉም ርካሹ መውጫ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ናቸው። በፍሎሪዳ 10 ቀን፣ በቨርጂኒያ 7 ቀን፣ በኔቫዳ 5 ቀን፣ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች 14 ቀን ያለ ምንም ምክንያት ውሉን ማፍረስ ይቻላል። አውሮፓ ውስጥ በእነዚያ 14 ቀናት ቅድሚያ ክፍያ መቀበልም የተከለከለ ነው። የሚቆጠረው በቀን መቁጠሪያ ቀን ስለሆነ ቅዳሜና እሁድ ይገባሉ። አምስት ቀን ያለው ሰው ቬጋስ ፈርሞ፣ ሦስት ቀን ተዝናንቶ፣ ቤቱ ሲደርስ አንድ ቀን ነው የሚቀረው።

የማፍረሻው አንቀጽና የሚላክበት አድራሻ በውሉ ውስጥ አለ፤ ሰነዱ በዩኤስቢ ወይም በኢሜይል ብቻ ተሰጥቷችሁ ከሆነ እዚያው ከፍታችሁ ፈልጉ። ደብዳቤው አጭር ይሁን፦ የፈረሙት ሁሉ ሙሉ ስም፣ የውሉ ቁጥር፣ የሪዞርቱ ስም፣ የፈረማችሁበት ቀን፣ «ይህን ውል ሰርዣለሁ» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር፣ የሁላችሁም ፊርማ። ምክንያት አትጻፉ። በፖስታ ቤት በተመዘገበ ፖስታ የተቀባይ ማረጋገጫ ካርድ አስደርጋችሁ ላኩ፣ የተላከበትን ቀን የሚያሳየውን ደረሰኝና የደብዳቤውን ቅጂ አስቀምጡ። ለሻጩ አትደውሉ፤ ስልክ ውል አያፈርስም፣ «እስኪ ሰኞ እንነጋገር» ግን ቀኑን ያስጨርሳል። የተቀበላችሁት ስጦታ ይመለስ የሚል ካለ መልሱት። ቅድሚያ ክፍያው የተከፈለው በዚያው ጠረጴዛ ላይ በተከፈተ አዲስ ክሬዲት ካርድ ከሆነ ደግሞ ውሉ መፍረሱ ካርዱን አይዘጋውም፤ ገንዘቡ ወደ ካርዱ እስኪመለስ ተከታተሉ፣ ሂሳቡ ዜሮ ሲሆን ለካርዱ ባንክ ለብቻው ደውላችሁ ዝጉት።